በጨጓራማ አልሞትም

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ብትቆይልንስ?» ይህን ያለችው እህቴ ናት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እህቴ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ከወትሮው ይበልጥ ይሰማል፤ የቤታችን ግድግዳም ቢሆን ለይስሙላ የቆመ ነው። መታጠቢያ ቤት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበርና ቡሩሹን አፌ ውስጥ እንዳለ አቆምኩት። እናቴ የድስቱን ክዳን ስታነሳና መልሳ ስትከድነው ተሰማኝ። «ሻሿን አስራ ጥግ ላይ ብትቀመጥ ምን ትሆናለች?» አለች በመጨረሻ። እህቴ «ቅንድቧስ?» አለች። የረገፈ ቅንድብ በሻሽ አይሸፈንም። አፌን ተጉመጠመጥኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው እያፏጨሁ ወጣሁ። ማፏጨት አልችልም፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የእህቴ እጮኛ እናት ቤታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ይመጣሉ። እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እጮኛዋ ደህና ሰው ነው፤ ሲስቅ ያስነጥሰዋል እንጂ ሌላ ነውር አላየሁበትም። ሴትዮዋ «በዚያ ቤት በዘር የሚሄድ ነገር አለ» ብለው ልጃቸውን እንዳይሰበስቡት ነው ፍርሃቱ ሁሉ። የእኔ በሽታ ለእህቴ ልጆች የሚተላለፍ ዓይነት እንዳልሆነ ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ። ግን ይህን ቤት ውስጥ ማስረዳት አይቻልም፤ ለማስረዳት መጀመሪያ ስሙን መጥራት ያስፈልጋል፣ እኛ ቤት ደግሞ ስሙ ሌላ ነው። እኛ ቤት ስሙ ጨጓራ ነው።

ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ ከሦስት ወር በፊት፣ ደረጃ ላይ። የታችኛዋ ጎረቤት «ልጅቷ ምነው እንዲህ ከሳች?» ስትላት፣ እናቴ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ «ጨጓራ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጨጓራ የሌለባት የጨጓራ በሽተኛ ሆኜ እኖራለሁ። ቃሪያ ተከለከልኩ። ቡና፣ ሎሚ፣ ቲማቲም ተከለከልኩ። ሲጀመር ጎረቤት ድንገት ቢገባ ሳህኔ ላይ እንዳያይ ተብሎ ነበር፤ እያደር ግን እናቴ ራሷ ያመነችበት መሰለኝ፣ በራችንን ዘግተን ብቻችንን ስንበላም ለእኔ የሚቀርበው ጨው ብቻ የነካው ነገር ሆነ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ቃሪያ ጉርሻ አይወርድልኝም፤ እናቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጎረቤቶች ደግሞ በየተራ እየመጡ ይመክሩኛል፤ ስለ ጨጓራ አሁን የማላውቀው ነገር የለም፣ ፈተና ቢሰጡኝ በማዕረግ አልፋለሁ።

ትክክለኛውን ስም እናቴ አንድ ቀን እንኳ ከአፏ አላወጣችውም፤ ለእኔም ጭምር። እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የሰው መታወቂያ፣ የሰው የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሰው የምርመራ ውጤት በእጄ ሲያልፍ ይውላል። የራሴ ውጤት የወጣ ዕለት እናቴ ሳታየው ማሽኑ ላይ አስተኝቼ ሦስት ቅጂ አነሳሁለት፤ ለምን ሦስት እንዳስፈለገኝ እስካሁን አላውቅም። ካንሰር ይላል፤ አንገቴ ሥር ካለ ዕጢ የጀመረ፣ ሕክምናውን ለጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚድን ዓይነት። ኦርጂናሉን አጥፌ ለእናቴ ሰጠኋት። አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው፣ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠችውና «ደህና ነው» አለች። እኔም «ጥሩ» አልኩ። እንዲህ ሆነን ሦስት ወር ተቀመጥን።

መድኃኒቶቼ በፌስታል ሆነው ፍሪጁ ላይ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንድ ብልቃጥ ቢጫ እንክብሎች አሉ፤ ሐኪም ቤት ያለችው ሲስተር ጓንት አድርጋ ነው የምትቆጥራቸው። «በእጅሽ እንዳትነኪው፣ ሌላ ሰውም እንዳይነካው፤ ክዳኑ ላይ ገልብጠሽ ቀጥታ ዋጪው» ትለኛለች። እጅ የማይነካው ነገር ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ብጠይቃት፣ «ዋጪ አልኩሽ» ብላ ቆጠራዋን ቀጠለች። ዛሬ ጠዋት ስወጣ እናቴ እስከ ደረጃው ተከትላኝ የሻሼን ጫፍ አስተካከለችልኝ። «ስትጨርሺ ትንሽ ነፋስ ተቀበይ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ነፋስ ተቀበይ ማለት እስከ አሥራ አንድ እንዳትመጪ ማለት ነው። እሺ አልኳት። እናቴ ሐኪም ቤት አብራኝ የመጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም እስከ በሩ፤ ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ላለማንበብ መሬት መሬቱን ስታይ ቆይታ በመጣችበት ተመለሰች።

መድኃኒት ከሚሰጥበት ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ትልልቆቹ በሽተኞች ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጡት። እኛ ወጣቶቹን አግዳሚው ላይ የሰበሰበን ማንም የለም፤ በረንዳው ላይ «ገና በዚህ ዕድሜሽ» እየተባለ ከንፈር ሲመጠጥልን ሰልችቶን አንድ በአንድ የሸሸን ነን። እዚህ የምንጠራራው እቤታችን በወጣልን ስም ነው። እኔ ጨጓራ ነኝ። ታይፎይድ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የታክሲ ሾፌር፤ ስምንት ወር ሙሉ ታይፎይድ የታመመ በዓለም ላይ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ ይላል። ነርቭ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት፤ ወላጆቿ «ትምህርት በዝቶባት ነርቯን ነክቷት ነው» ስላሉ ዘመድ ሁሉ አጠገቧ ሲደርስ በሹክሹክታ ያወራል፣ በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ደም ማነስ የምትባልም ነበረች። ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ከሁላችንም ይልቅ ሳቂ፤ ስትስቅ አግዳሚው ይነቃነቅና ካርቶኑ ያመልጣል። ባለፈው ወር ሁለት ቀጠሮ ሲያልፋት ደወልን፤ ስልኩን አክስቷ አነሱት። «ደም ማነሱ ጸናባት» አሉን እያለቀሱ፣ «ካረፈች ዘጠኝ ቀኗ ነው»። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ መርፌ፣ ያን ሁሉ ትውከት፣ ያን ሁሉ ጠዋት ችላ፣ ደም አንሷት ሞተች ተባለ። አናደደኝ፤ ከማዘኔ በፊት አናደደኝ። የዚያን ዕለት አንድ ነገር ወሰንኩ። እድናለሁ፤ ግን ብሞት እንኳ በጨጓራማ አልሞትም። ይህን ለአግዳሚው ነገርኩ። የቀረኝ ለእናቴ መንገር ነው፤ ያቃተኝም እሱ ነው።

ዛሬ ስደርስ ታይፎይድ በርበሬ የተነሰነሰበት ኦቾሎኒ ይዞ ጠበቀኝ፤ እቤት የተከለከልኩትን የሚያበላኝ እሱ ነው። ገና አንድ እፍኝ ሳልጨርስ አንድ አዲስ ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ልጁ ረጅም ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ የስፖርት ጫማው ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። አባትየው ፋይሉን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ብርድ ነው፤ ደረቱን ትንሽ ብርድ መቶት ነው» አሉን። ነርቭ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። «ብርድ ክፉ ነው» አለች። ታይፎይድ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ። «ና ተቀመጥ፣ ብርድ። እኔ ታይፎይድ እባላለሁ» አለው። አባትየው ግራ ገብቷቸው አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ የክፍሉን በር አዩ፤ ከዚያ ፋርማሲው ሳይዘጋ ልድረስ ብለው ሄዱ።

«እናንተም ያው ናችሁ?» አለ ልጁ አባቱ እንደራቁ። ሁላችንም ያው ነን አልኩት፤ ቦታው ቢለያይም ወንበሩ አንድ ነው። «ያማል?» አለ ቀጥሎ። በረንዳው ላይ ቢሆን «አይዞህ፣ ምንም አይልህ» ይሉት ነበር። ታይፎይድ ያማል አለው፤ መርፌው ሳይሆን ሦስተኛው ቀን ነው የሚያመው፣ አራተኛው ላይ ይለቅቃል። ነርቭ አፉ እንዳይቆስል በረዶ እየመጠጠ እንዲገባ ነገረችው። እኔ ደግሞ ሽንቱ ቀይ ሲሆን እንዳይጮህ አስጠነቀቅኩት፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ጮኼ የታችኛዋን ጎረቤት አስመጥቻለሁ፣ እሷም ቀይ ሥር ለጨጓራ እንደማይሆን መክራኝ ሄዳለች። ልጁ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ማንም ዝም በል አላለውም። ነርቭ ወደ እሱ ጠጋ አለች፣ ታይፎይድ ኦቾሎኒውን አቀበለው፣ እስኪወጣለት ጠበቅነው። አባትየው ሲመለሱ ዓይኑ የቀላው ከበርበሬው ነው አልናቸው። በርበሬ ለብርድ ጥሩ ነው አሉን።

ሲስተር ስማችንን ከሰማች ቆይታለች። በሩን ከፈት አድርጋ «ጨጓራ፣ ነይማ» አለችኝ። የደም ውጤቴን ይዛ ነበር። ነጭ ደሜ ወርዷል፤ ዛሬ መድኃኒት አይሰጠኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። ሰው የበዛበት ቦታ አትቀመጪ፣ ጥሬ ነገር አትብዪ፣ አሁኑኑ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ አለችኝ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። ወጥቼ ለአግዳሚው ነገርኳቸው፤ ቤቴ ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ዝግ እንደሆነ። ታይፎይድ የሐኪም ትእዛዝና የእህት ትእዛዝ ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ የትራፊክ ሕግ ላይ እንዳላነበበ ነገረኝ። ነርቭ ብቻ አልቀለደችም። «ቤትሽ ነው እኮ» አለችኝ። ከገባሁ ሴትዮዋ ፊት አንዱን መናገሬ አይቀርም፣ የትኛው ስም እንደሚወጣኝ ግን አላውቅም አልኳት። «የወጣውን ጻፊልን» አለች። ስልክ ላይ አግዳሚው የሚባል ግሩፕ አለን።

አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ። እንደ ነውረኛ እንግዳ የገዛ ቤቴን ሰዓት እየጠበቅኩ መሆኔ ሲገባኝ ብድግ አልኩ። ደረጃውን ሁለት ጊዜ አርፌ ወጣሁት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ የእናቴ ድምፅ ይሰማል። «ትንሽ ይጨምሩ እንጂ» ትላለች። «በቃኝ አልኩ እኮ» ይላል የማላውቀው ድምፅ። «ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይሆንም።» «እንዴ፣ አምስት ቁራጭ ኬክ በልቼ ነው ባዶ ሆድ?» ገፋ አድርጌ ገባሁ። የሶፋው ላስቲክ ተነስቷል፣ ለሰው የሚወጡት ስኒዎች ወጥተዋል፣ ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሃል ላይ ተቀምጠዋል፤ ወፍራም መነጽር፣ ደህና የተሠራ ፀጉር። እናቴ ስድስተኛውን ቁራጭ ይዛ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የኔ ፌስታል አለ። ከሻይ ማንኪያው አጠገብ፣ የስኒው ሳህን ላይ፣ አንድ ቢጫ እንክብል ተቀምጧል።

የሆነው ይህ ነው። ሴትዮዋ የሃያ ዓመት እውነተኛ ጨጓራ አለባቸው። ልጃቸው የእኔን ጨጓራ ነግሯቸው ኖሮ፣ ገና ሳይቀመጡ ምን እንደምወስድ ጠየቁ። እናቴ አልቋል አለቻቸው። እጃቸውን ሊታጠቡ ኩሽና ሲገቡ ፍሪጁ ላይ ያለውን ፌስታል አዩት፤ ይኸው ብለው ራሳቸው ይዘውት መጡ። እናቴ ስሙን መናገር አልቻለችም፣ ሰው መግደልም አልቻለችም፤ ስለዚህ ኬክ ታበላቸው ጀመር። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። እኔን ስታይ «ጊዜው ያለፈበት ነው» አለች በድንገት፣ ጮክ ብላ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ብልቃጡን አዞሩት። «ገና ሁለት ዓመት አለው» አሉና እንክብሉን በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ በሌላው እጃቸው ብርጭቆውን ያዙ።

እንዳደናቀፈው ሰው ሆኜ ብርጭቆውን መድፋት እችል ነበር። አንዲት ውሸት ብጨምር እህቴ ሠርጓን፣ እናቴ ሰላሟን፣ እኔም ጨጓራዬን ይዘን እንቀጥላለን። እናቴ በዓይኗ የምትለምነኝ ይህንኑ ነበር። ልብሴን ይዛ የምትጎትተኝ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ያቺ ሳቂ ልጅ ትዝ አለችኝ፣ አክስቷም።

«አይዋጡት» አልኩ። «የጨጓራ አይደለም፤ የካንሰር መድኃኒት ነው። ካንሰሩም የኔ ነው።»

ቃሉ ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነገር ጣሪያው የሚወርድ ይመስለኝ ነበር፤ የተሰማው የፍሪጁ ሞተር ብቻ ነው። ሴትዮዋ እንክብሉን ሳህኑ ላይ መለሱት። በሳሙና ይታጠቡ፣ በእጅ አይነካም አልኳቸው፤ ተነስተው ኩሽና ገቡና ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እኛ ሦስታችን እስኪመለሱ አልተያየንም። እህቴ «አበላሸሽው» አለች፣ ቁጣ እንኳ በሌለው ድምፅ፤ የዚያን ያህል የከፋኝ ነገር ዛሬ አልነበረም። እናቴ ስድስተኛውን ቁራጭ አሁንም እንደያዘች ናት።

ሴትዮዋ እጃቸውን እየጠረጉ ተመልሰው ተቀመጡ። «ስንተኛሽ ነው?» አሉኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ነገሩን የሚያውቅ ነው። ዛሬ አራተኛ ዙሬ ነበር፣ ደሜ ወርዶ መለሱኝ አልኳቸው። ስንት እንደቀረኝ ጠየቁ፤ ከእሱ ጋር ሦስት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ዓይናቸውን የስኳር ዕቃው ላይ ተከሉ። «ባለቤቴን ስኳር በሽታ ብለን ነው የቀበርነው» አሉ። «ጉበቱ ላይ ነበር። ሰው አይስማ፣ ልጄ አይደንግጥ ብዬ ስኳር ነው አልኩ። እሱም አንድ ዓመት ሙሉ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣልኝ። ስኳር ሲወድ ለጉድ ነው፤ አራት ማንኪያ ነበር የሚያደርገው።» የስኳር ዕቃውን ገፋ አደረጉት። «ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው የጠጣልኝ። አንድ ቀን እንኳ ‹ግድ የለም፣ ጨምርበት› አላልኩትም።»

እናቴ ቁራጩን አስቀመጠችና ኩሽና ገባች። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ልጃቸው ይህን እንደማያውቅና ዛሬ ማታ እንደሚነግሩት ተናገሩ። ከዚያ እህቴን ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ምን ገትሮሻል? ለእህትሽ ሻይ ቅጂላት እንጂ፤ እኔ ቤት እንዲህ ተገትሮ መዋል የለም» አሏት። እህቴ የሰማችውን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ከዚያ ስኒ አንስታ ቀዳችልኝ። ሦስት ማንኪያ ስኳር አስደረግኩ። ሴትዮዋ ወደኔ ዞረው «እና ይሄ ለጨጓራዬ ምንም አይጠቅመኝም ማለት ነው?» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው። ምንም አልኳቸውና ሦስት ወር የተጠራቀመብኝን ምክር አንድ ሳላስቀር አወረስኳቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ካገኙት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፉት።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሄዱ። እህቴ ደጅ ድረስ ሸኝታቸው ስትመለስ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ቆይታ ሻሼን ፈታችውና መላጣዬን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። ስልኬን አውጥቼ ለአግዳሚው ጻፍኩ፤ ጨጓራ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል በድንገት አርፋለች። ታይፎይድ ነፍስ ይማር፣ ኦቾሎኒዋን እኔ እወርሳለሁ አለ። ነርቭ ሌላ ነገር ሳትጨምር እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። ብርድ ገና ዛሬ መግባቱ ነው፤ አባቴ ታይፎይድ ተሻለው ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ምን ልበለው ብሎ ጻፈ።

እናቴ ከኩሽና የወጣችው ራት ይዛ ነው። ዓይኗ አብጧል። የኔን ሳህን ፊቴ አስቀመጠች፤ ከምግቡ ጎን ሁለት ቃሪያ አለ፣ ሲስተር ጥሬ እንዳልበላ ማዘዟን ነግሬያት በዘይት የተጠበሰ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ። አልተቀመጠችም። ስትበላ ልያት የሚል ሰው ሆና ከላዬ ቆመች። አንዱን ነከስኩት፤ አቃጠለኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ደስ አለኝ።

«ሳምንት አብሬሽ እመጣለሁ» አለች። «እስከ ውስጥ።»

«እሺ።»

«ነጭ ደም ምን ሲበሉ ነው ከፍ የሚለው?»

«ቃሪያ» አልኳት አፌ ሞልቶ።

«አትዋሺ» አለችኝ እናቴ፣ ኮስተር ብላ። «በበሽታ አይዋሽም።»